ያልጠየቀችኝን መለስሁላት

ደብረ ታቦር ላይ ብዙ ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። በተማሪዎቼ ኑሮ ላይ የበረታው ሥራዬ ግን ሰሌዳ ላይ የጻፍሁት አይመስለኝም። ክፍል ከተለቀቀ በኋላ «ቲቸር፣ ምን ባጠና ይሻለኛል?» ብለው ሲጠይቁኝ የመለስሁት ነው። የምናዘዘውም ስለዚያ መልስ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስን ማን ይማር፣ ማን ይቅርበት እያልሁ ስፈርድ ኖሬያለሁ። ቤቱ ኮምፒውተር ያለውን ልጅ ግባበት አልሁት፤ ኮምፒውተር ያልነበራትን ልጅ አይሆንሽም ብዬ መለስኋት። የማን አስተሳሰብ ለትምህርቱ እንደሚስማማ ግን አላየሁም። ማየት ደግሞ የእኔ ሥራ ነበር።

በእኛ አገር የመምህር ቃል ከባድ ነው። ከጉና ሥር፣ ከጋይንት፣ ከእስቴ፣ ከእብናት የሚመጣ ልጅ በቤተሰቡ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ላይኖረው ይችላል። ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ፣ ከቤት በሚላክለት ስንቅ እየኖረ ይማራል። ኮምፒውተር ሳይንስ ምን እንደሆነ የሚጠይቀው አጎት የለውም፤ ያለው መምህሩ ነው። በሩም ጠባብ ነው። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ። በዚህ ጥበት ያለፈን ልጅ «ይህን አጥና፣ ያንን ተው» ማለት ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ግን አቅልዬ ተናገርሁ።

ልጅቱ የፋርጣ ገጠር ልጅ ናት። አያቷ ከቤተ ልሔም ድጓ፣ ከዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕት የተማሩ መሪጌታ ናቸው። 9ኛ ክፍል ሳለች ስለ ማካፈልና ስለ ቀሪ ቁጥር ባስተማርሁበት ቀን፣ ክፍሉ ሲበተን ደብተሯን ይዛ መጣች። ከአያቷ የሰማችውን ባሕረ ሐሳብ፣ አጽዋማትና በዓላት የሚወጡበትን ስሌት፣ በተራ ቁጥር፣ ደረጃ በደረጃ ጽፋዋለች። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ጨምር፤ ለ19 አካፍል፤ ከቀሪው አንድ ቀንስ፣ ወንበር ነው። ወንበርን በ11 አባዝተህ ሠላሳ ሠላሳውን ግደፍ፣ የቀረው አበቅቴ ነው። ወንበርን በ19 አባዝተህ ሠላሳ ሠላሳውን ግደፍ፣ የቀረው መጥቅዕ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ቀስት አውጥታለች፦ መጥቅዑ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። በመጥቅዑ ላይ በዓሉ የዋለበትን ዕለት ተውሳክ፣ ማለት ለየዕለቱ የተመደበውን ቁጥር፣ ደምር፤ ከሠላሳ ካለፈ ሠላሳውን ግደፍ፣ መባጃ ሐመር ይሆናል። ከዚያ ነነዌ፣ ዐቢይ ጾም፣ ፋሲካ እየተከተሉ ይወጣሉ።

ይህ ሥርዓት ለእስክንድርያው ፓትርያርክ ለቅዱስ ድሜጥሮስ የሚሰጥ፣ በየጉባኤ ቤቱ በቃል ሲወርድ የኖረ ስሌት ነው። ማንም እርሳስ ይዞ ሊሞክረው ይችላል። ለምሳሌ 2017ን እንውሰድ። ከ5500 ጋር 7517 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 12 ይቀራል፤ ወንበሩ 11፣ አበቅቴው 1፣ መጥቅዑ 29 ነው። መስከረም 29 ረቡዕ ዋለ፤ የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው፤ ድምሩ 33፣ ሠላሳው ሲገደፍ መባጃ ሐመሩ 3 ነው። ነነዌ የካቲት 3፣ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ።

ልጅቱ የመጣችው ግን ስሌቱን ልታሳየኝ ብቻ አልነበረም። የከበዳት ቦታ ነበራት። «ቲቸር፣ በ2006 ቀሪው አንድ ነው። ወንበሩ አልቦ ይሆናል። ዜሮን በ19 ባባዛው መጥቅዑም ዜሮ ነው። አያቴ ግን ‹ያን ጊዜ ሠላሳ በይው› አሉኝ። ለምን?» አለችኝ።

ደብተሩን መለስሁላትና፣ «ጎበዝ ነሽ፤ ግን ይህ ፈተና ላይ አይመጣም» አልኋት።

የመጀመሪያው በደሌ ይህ ነው። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ አንድን ሥራ በደረጃ ከፍላ፣ ለእያንዳንዱ ሁኔታ መንገድ አብጅታ፣ መንገዱ የት ላይ እንደሚሰበር ራሷ ፈልጋ አግኝታለች። እኔ የዘመናት የሒሳብ መምህር ይህ ምን ዓይነት አእምሮ እንደሆነ አላወቅሁም።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የመጀመሪያውን ዓመት ጨረሰች። የፍሬሽማን ትምህርት በ2012 ከተመለሰ ወዲህ ተማሪው ዲፓርትመንት የሚመርጠው ከዚያ በኋላ ነው። ምርጫ ልትሞላ ስትል ደወለችልኝ። «ቲቸር፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ምን ዓይነት ትምህርት ነው? ላስቀድመው እያሰብሁ ነበር» አለችኝ። እኔም፣ «ልጄ፣ አንቺ ኮምፒውተር የነካሽው ዘንድሮ ነው። ያ ላፕቶፕ ይዘው ያደጉ የከተማ ልጆች ቦታ ነው፤ ትወድቂያለሽ። ጤና እንጀራ ነው፤ ጤና ሙዪ» አልኋት። ትንሽ ዝም ብላ፣ «እሺ፣ ቲቸር» አለች።

ጠያቂው ወንድ ቢሆን ኖሮ ምን እለው እንደነበር ደጋግሜ ራሴን ጠይቄአለሁ። «ትለምደዋለህ» የምለው ይመስለኛል። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ እውነቱ ግን ይህ ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ የከተማ ልጅም ጠይቆኝ ነበር። አባቱ ላፕቶፕ ገዝተውለታል፤ ስልክ የተበላሸበት ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል። ምን እንደሚወድ ሳልጠይቀው «ያንተማ ኮምፒውተር ሳይንስ ነው» አልሁት። አራት ዓመት ተማረ። ተመርቆ ሲመጣ፣ ፕሮግራሚንጉን ከሃንዳውት እየሸመደደ እንዳለፈ ነገረኝ። እሱ የሚወደው ዕቃ ፈትቶ መግጠም ነበር። ለዚያ የሚሆን ጥሩ ትምህርት ሞልቶ ሳለ ወደማይወደው ላክሁት።

ለሁለቱም ስመልስ ትምህርቱ ምን እንደሆነ አንድም ቃል አልተናገርሁም። ስለማላውቅ ነው። የማውቀው ስለ ትምህርቱ የሚወራውን ነበር፦ ሥራ አለው፤ ውጭ አገር ያስኬዳል፤ ዶላር ይከፈልበታል። ከ2001 ጀምሮ መንግሥት ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶውን ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲመድብም፣ እኛ መምህራን ያንን ቁጥር ራሱን እንደ ምክንያት ይዘን «ዘመኑ የቴክኖሎጂ ነው» እያልን ደገምነው። ዘመኑ የቴክኖሎጂ መሆኑ ለአንድ ልጅ ለምን እሱ ሊማረው እንደሚገባ አይነግረውም።

ስህተቴን ያወቅሁት በክረምት ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ስማር፣ በኑሜሪካል አናሊሲስ ኮርስ በፓይተን ፕሮግራም መጻፍ ግድ ሆነብኝ። ለልምምድ ምን ልጻፍ ብዬ ሳስብ ባሕረ ሐሳብ ትዝ አለኝ። ጻፍሁት፤ በዓላቱን በማውቃቸው ዓመታት ሞከርሁት፤ ልክ ሆነ። ደስ ብሎኝ ወደ ኋላ እየሄድሁ ስሞክር 2006 ላይ ደረስሁ። ማሽኑ በዓለ መጥቅዕን «ጥቅምት 0» ብሎ አወጣው። እንዲህ የሚባል ቀን የለም። መጥቅዑ ዜሮ ስለሆነ ከ14 ያንሳል፣ ስለዚህ ወደ ጥቅምት ሄደ፤ እኔ ያዘዝሁትን ነው የፈጸመው። ዜሮ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ አልነገርሁትም ነበር።

ተማሪዬ ትዝ አለችኝ። ወረቀት ይዤ ተቀመጥሁ። ከጥቅምት 1 አንድ ቀን ቢቀነስ መስከረም 30 ነው። መሪጌታው «ሠላሳ በይው» ያሉት ለዚህ ነው፤ በዓሉ መስከረም 30 ይውላል፤ ስሌቱም ደንቡም አንድ ናቸው። መልሱ ይህን ያህል አጭር ነበር። ልጅቱ በ14 ዓመቷ ለጠየቀችው ጥያቄ መልስ ያገኘሁት እሷን ከመንገዷ ካወጣኋት በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ስለ ትምህርቱ አነበብሁ፣ የሚያስተምሩትንም ጠየቅሁ። ኮምፒውተር ሳይንስ ማሽን የመንካት ልምድ አይደለም። አንድን ችግር እንዴት በማያሻማ ደረጃ መፍታት ይቻላል፣ ደረጃው ሁልጊዜ ልክ ይሆናል ወይ፣ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል፣ ጭራሽ ሊሰላ የማይችል ነገርስ አለ ወይ፣ እነዚህን የሚጠይቅ ትምህርት ነው። እንግሊዛዊው አላን ቱሪንግ ለትምህርቱ መሠረት የሆነውን ጽሑፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው፤ ያን ጊዜ ዛሬ ኮምፒውተር የምንለው ማሽን ገና አልተሠራም። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ርድየት አበበ ወደ ትምህርቱ የገባችው በሒሳብ በር ነው፤ የመጀመሪያ ዲግሪዋ ሒሳብ ነው። በኋላ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬት ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆናለች፤ የምትመራመረውም አልጎሪዝም በኑሮ ልዩነትና በድህነት ላይ ምን ሊሠራ እንደሚችል ነው። ኮምፒውተር ያልነካ አይገባበትም ያልሁት እኔ፣ የምናገርበትን ነገር አላውቀውም ነበር።

ይቅርታ ልጠይቃት ሄድሁ። ጤና መኮንን ሆና በጉና ግርጌ ባለ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ካርድ ክፍሉን አሳየችኝ። ፀሐይ የምትባል እናት ለእርግዝና ክትትል ስትመጣ አንዱ መዝጋቢ ፀሐይ ብሎ፣ ሌላው ጸሐይ፣ ሌላው ፀሀይ፣ ሌላው ጸሀይ ብሎ ይጽፋታል። ካርዷ ይጠፋል፤ አዲስ ይወጣላታል፤ የቀድሞ የደም ግፊቷ ያለበት ወረቀት ሌላ ቦታ ይቀራል። ተማሪዬ በአንድ ደብተር መላ አበጅታለች። ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ እየመለሰች ስሞቹን በአንድ ተራ ታስቀምጣለች፤ አጠገቡ የካርዱን ቁጥር ትጽፋለች። መዝጋቢዎቹ መጀመሪያ ከዚያ ደብተር ይፈልጋሉ። የአማርኛ መረጃ የሚይዝ ፕሮግራም በትክክል እንዲፈልግ ሲፈለግ ባለሙያዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ማንም ሳያስተምራት በእስክሪብቶ ሠራችው።

በደሌን ነገርኋት። ሰምታኝ ስታበቃ፣ «ቲቸር፣ ያን ቀን የደወልሁት እንዲፈቅዱልኝ አልነበረም። ምን እንደሚማሩበት እንዲነግሩኝ ነበር» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ እውነቱን ነው የነገረችኝ። ጤና ክቡር ሙያ ነው፤ እሷም የምታክማቸውን እናቶች ትወዳለች። የምጸጸተው ጤና ስላጠናች አይደለም። ለማወቅ ስትጠይቅ ፍርድ ስለሰጠኋት ነው።

ለጠፋው ምክር ካሳ የሚሆን ባይኖርም፣ ዛሬ ለሚጠይቁኝ ልጆች የምለውን እዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ፣ ኮምፒውተር ሳይንስን መማር ያለበት፣ ነገር እንዴት እንደሚሠራ እስከ መጨረሻው ካልገባው እንቅልፍ የማይወስደው ልጅ ነው። «ዜሮ ሲሆንስ?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ። ላፕቶፕ መኖር ይረዳል፤ አስተሳሰቡን ግን አይተካም። ላፕቶፕ ይገዛል፣ ይዋሳል፣ ላብ ውስጥ ይገኛል።

ሁለተኛ፣ እኛን የሚጠብቁ ሥራዎች አሉ፤ ከእኛ በቀር የሚያያቸው የለም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ዓመታት ደክመውበታል፤ በስልካችን አማርኛ የምንጽፈው በዚያ ድካም ነው። ግን ለማሽኑ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ኃይሉ ብለው የመዘገቡትን ሀይሉ ብለው ቢፈልጉት፣ የሚያውቅ ሰው ካላዘዘው በቀር የለም ይላል። ይህን ችግር የሩቅ አገር መሐንዲስ አያስበውም። ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ቆማ ያየችው ልጅ ግን አስባዋለች።

ሦስተኛ፣ የምንጠቀምበትን ነገር አሠራር ማወቅ አለብን። ከከተማችን ጥቂት ራቅ ብሎ ጋፋት አለ፤ አፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ባለሙያዎች ሰብስበው ሴባስቶፖልን ያሠሩበት። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ በ1860 ገደልና ተራራ ተቆርጦለት መቅደላ ደረሰ። ንጉሡ የፈለጉት መድፉን ብቻ ሳይሆን ጥበቡንም ነበር። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ባለሙያዎቹ ሄዱ፤ ጥበቡ ጋፋት ላይ ትምህርት ቤት ሆኖ አልቀረም። ዛሬ ደግሞ፣ በግንቦት 2013 ሥራ የጀመረው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት፣ ቴሌብር፣ በየኪሳችን አለ፤ ሥርዓቱ የቻይናው ሁዋዌ ነው። የፋይዳ መታወቂያ የቆመው ሕንድ ውስጥ በተጀመረው፣ ሞሲፕ በሚባለው የመታወቂያ ሥርዓት ላይ ነው፤ የሞሲፕ ኮድ ግን ለማንም ክፍት ነው። ከፋርጣ የመጣች ተማሪም ብትፈልግ ልታነብበው ትችላለች። አንብቦ መረዳት፣ ማስተካከል፣ የራስን መሥራት ግን የተማረ ሰው ይፈልጋል። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋሙን በጋፋት ስም መሰየሙ በእኔ አስተያየት ትልቅ ኃላፊነት መቀበል ነው።

አራተኛ፣ ለምን ዩኒቨርሲቲ? በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና አለ፤ ጥሩ ነው፤ ልጆችን እንዲሞክሩት እልካለሁ። አጭር ሥልጠና አንድን መሣሪያ ያስይዛል። ዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው ዳታ ስትራክቸርና አልጎሪዝም፣ ዳታቤዝ፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ኔትወርክ፣ አውቶማታ ግን መሣሪያው ሲለወጥ የማይለወጠው ዕውቀት ነው። አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ራሱ ኮድ ይጽፋል። «ታዲያ ለምን እንማር?» ይሉኛል። እኔም ኮዴ ለብዙ ዓመታት ልክ ሆኖ 2006 ላይ «ጥቅምት 0» እንዳለ አሳያቸዋለሁ። ማሽን የጻፈውም እንዲሁ ሊሳሳት ይችላል፤ ስህተቱን የሚያየው ትምህርቱን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

የማልሰጠው ተስፋም አለ። ሥራ ይጠብቅሃል አልልም። ዲግሪ ለመያዝ ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ነው፤ በመጀመሪያው ዙር ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ተፈታኞች አላለፉም። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ላይ የተንጠለጠለ ልጅ ምን ያህል እንደሚጎዳ አይተናል። ይህን ሁሉ እነግራቸዋለሁ። እውነቱን ሰምቶ የመረጠ ልጅ ሲከብደው አይሸሽም፤ በዶላር ወሬ የገባ ግን ወሬው ሲያልቅበት ይተወዋል።

ለሙያ አጋሮቼ የምለው አንድ ነገር ነው። ልጅ ምን ላጥና ብሎ ሲመጣ አስቀድማችሁ ምን እንደሚያሳስበው፣ ማንም ሳያዝዘው ምን ሠርቶ እንደሚያውቅ ጠይቁት። ቤቱ ምን አለው፣ ከተማ ነው ገጠር፣ ሴት ናት ወንድ ብላችሁ አትመዝኑት። ስለማታውቁት ትምህርት ቢጠይቃችሁ ደግሞ «አላውቀውም፤ የሚያውቅ ዘንድ አብረን እንሂድ» በሉት። ተማሪዬ የደወለችልኝ ቀን ይህን ማለት እችል ነበር። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚያስተምሩ ሰዎች እዚሁ ደብረ ታቦር፣ ከቤቴ በባጃጅ በሚደረስበት ዩኒቨርሲቲ ነበሩ። አልሄድሁም፤ አልጠየቅሁም፤ ፈረድሁ።